አሥራ ሰባት ደቂቃ

በተወለድሁባት በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ማለዳ ከብት ልናሰማራ ስንወጣ አመዳዩ በእግራችን ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን እስከ ረፋድ እንኳ አይቆይም። በልጅነቴ ስለ በረዶ የማውቀው ይህንኑና በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ጠጠር ብቻ ነበር። ስለዚህም በሩቅ አገር፣ ሰው ቁመት በሚያህል በረዶ ላይ፣ ቀጫጭን ሳንቃ ከእግራቸው ጋር አስረው ከተራራ ወደ ሜዳ የሚወረወሩ ሰዎች መኖራቸውን ስሰማ ተረት እንጂ እውነት አልመሰለኝም። ዛሬ ከእነዚህ ሰዎች ስለ አንዲቱ ለመጻፍ መነሣቴ ቢያስገርማችሁ አይፈረድባችሁም። ምክንያቴ ከቤታችን ደጃፍ፣ ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር የሚጀምር ነው፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሴቲቱን ላስተዋውቃችሁ።

ስሟ ግሬቸን ፍሬዘር ነው። የተወለደችው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ታኮማ በምትባል የወደብ ከተማ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1919 ነበር። (ስለ እርሷ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቷ ከጀርመን፣ እናቷ ደግሞ ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በኖርዌይ የበረዶ ሸርተቴ፣ እነርሱ ስኪ የሚሉት፣ ከጨዋታነቱ በፊት መጓጓዣ ነበር፤ ደጋ ላይ ያለ የእኛ ገበሬ በቅሎውን ጭኖ ወደ ገበያ እንደሚወርድ ሁሉ የኖርዌይ ገበሬም በክረምት ከመንደር መንደር የሚደርሰው በስኪ ነበር። ከታኮማ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሬኒየር የተባለው ተራራ በአድማስ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ደጀን በቁመት ይበልጠዋል፤ ሬኒየር ግን ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ በመሆኑ በጋም ሆነ ክረምት የበረዶ ግግር ከላዩ አይጠፋም። ግሬቸን በ16 ዓመቷ ገደማ ስኪ የተማረችው በዚህ ተራራ ጉያ፣ ኦቶ ላንግ ከተባለው ኦስትሪያዊ መምህር ዘንድ ነበር።

የዚህ ስፖርት ውድድር በብዙ ዓይነት ይካሄዳል፤ ለታሪካችን የሚያስፈልገው ስላሎም የተባለው ነው። በቁልቁለቱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተተከሉ ዘንጎች አሉ፤ ተወዳዳሪው በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል እየተጠማዘዘ ማለፍ አለበት። አንዱን በር ከሳተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለት ጊዜ ይወርዱና የሁለቱ ሰዓት ይደመራል። ፍጥነት ብቻ ያለው ሰው አያሸንፍም፤ ጥንቃቄ ብቻ ያለውም አያሸንፍም። ሴቶች በኦሊምፒክ በዚህ ዓይነቱ ስፖርት እንዲወዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደላቸው በ1936 ጀርመን አገር በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ግሬቸን ገና ጀማሪ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥቂት ዓመታት በአጭሩ ላልፋቸው። ኖርዌያዊቷ የበረዶ ዳንሰኛ ሶንያ ሄኒ በሆሊውድ ፊልም ስትሠራ፣ በ1937ም በ1941ም በተሠሩት ፊልሞች ውስጥ የስኪውን ክፍል በእርሷ ፋንታ የወረደችው ግሬቸን ናት። ተመልካቹ የአንዷን ገላ እያየ የሌላይቱን ስም ያጨበጭብ ነበር ማለት ነው። በ1939 እርሱም የኦሊምፒክ ስኪ ተወዳዳሪ የነበረውን ዶናልድ ፍሬዘርን አገባች። ለ1940 ኦሊምፒክ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ተመረጠች፤ ይሁን እንጂ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈንድቶ ነበርና ውድድሩ ተሰረዘ። የ1944ቱም እንዲሁ ቀረ። ለአንድ ስፖርተኛ ከ20 እስከ 28 ዓመት ያለው ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ሯጮቻችንን የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። እርሷ እነዚህን ዓመታት በአገሯ ውድድሮች እያሸነፈች አሳለፈቻቸው፤ ታላቁ ሜዳ ግን ተዘግቶባት ነበር።

አሜሪካ በዲሴምበር 1941 ጦርነቱን ተቀላቀለች። ባሏ ወደ ባሕር ኃይል ገባ። እርሷና ባሏ የሚያውቁት፣ በ1936 ለመዝናኛ የተከፈተው የሰን ቫሊ የስኪ መንደር እንኳ በ1943 ለባሕር ኃይል ቁስለኞች ሆስፒታልነት ተሰጠ። ያ ጦርነት እጁን ወይም እግሩን ያስቀረበት የአሜሪካ ምድር ጦር ወታደር ብቻ ወደ 15,000 ይጠጋል። ግሬቸንም በጦር ሠራዊት ሆስፒታሎች እየተገኘች፣ እግራቸው ወይም እጃቸው ለተቆረጠባቸው ወታደሮች ስኪ፣ ዋናና ፈረስ ግልቢያ ታስተምር ጀመር።

ሙያዋ ነርስነት አልነበረም። ይሁን እንጂ ቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ሰው ያዘጋጀው ቃል አለ፤ አስታማሚ ይለዋል። ሐኪም ያክማል፤ አስታማሚ ግን ከበሽተኛው ጋር አብሮ ያድራል፣ አብሮ ይነጋል፤ ቃሉ ራሱ የወጣው ከመታመም ነውና፣ የሌላውን ሕመም በከፊል የሚታመም ሰው ማለት ይመስለኛል። ለማስታመም የምስክር ወረቀት አይጠየቅም። ፍቅር ብቻ ይበቃል ብዬ አምን የነበረውም ስለዚህ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ከጦር ግንባር ተመለሰ። እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። እናታችን ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ አጎዛ ደርባ አነጠፈችለት፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ያ መደብ አገሩ ሆነ። ውኃ ጠማኝ ሲል ሦስት ሰው ይነሣለታል። ወደ ደጅ ልውጣ ሲል ሁለት ሰው ብብቱን ይይዘዋል። እጁን እንኳ እኛው ነበርን የምናስታጥበው፤ በእጁ ላይ አንዳች እንከን እንደሌለበት ያሰበ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «አይዞህ፣ ዋናው ነፍስ ነው» ይለዋል፤ ከዚያ ከደጃፉ ሲወጣ፣ ገና ሳይርቅ፣ ከንፈሩን ይመጣል። ወንድሜ ጆሮው ደኅና ነበር፤ ሁሉንም ይሰማል።

ከመዝመቱ በፊት የሚጋልበው አንድ ዳማ ፈረስ ነበረን። በጥምቀት ሜዳ ላይ ሲወጣበት የመንደሩ ልጆች ሁሉ ከኋላ እንሮጥ ነበር። ከተመለሰ በኋላ ግን ስለ ፈረሱ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም፤ ወደ በረቱ በኩል የሚገኘውን መስኮት ብቻ ክፈቱልኝ ይል ነበር።

አንድ ማለዳ፣ እናታችን ቤተ ክርስቲያን ልትስም ሄዳ ሳለ፣ ወደ መደቡ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳማውን ጫንልኝ» አለኝ። እንቢ ለማለት አልቻልሁም፤ ወንድም ጋሼ አዝዞኝ እንቢ ብዬ አላውቅም። ኮርቻውን ጫንሁ፣ ልጓሙንም አጎረስሁ። እርሱ በምርኩዙ እየተደገፈ፣ በየእርምጃው እያረፈ፣ በግቢያችን ዙሪያ ወደ ተካበው የድንጋይ ካብ ሄደ። ካቡ ላይ በደረቱ ተስቦ ወጣ። ፈረሱን አስጠግቼ እንድይዝለት ነገረኝ። ነገሩን ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ ያሰበበት መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ፣ ክብደቱን እንዴት እንደሚጥል ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ድንጋዩ ላይ አመዳይ ነበረ። ሊወረወር ሲል የቆመበት እግር ከዳው፤ ፈረሱም ደንግጦ ወደ ጎን አለ። ምርኩዙ ወዲያ፣ እርሱ ወዲህ ወደቀ።

«አትንካኝ» አለኝ ከወደቀበት ሆኖ። ድምፁ ቍጣ አልነበረበትም። «ፈረሱን ብቻ ያዝልኝ። እኔ እነሣለሁ።»

እኔ ግን ልጓሙን ለቀቅሁና ጮህሁ። እናቴን ጠርቼ ጮህሁ። ጎረቤት ሁሉ ደረሰ፤ እናቴም ነጠላዋን ከመሬት እየጎተተች ከበሩ ሮጠች። አራት ሰው ተሸክሞ ወደ መደቡ መለሰው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈረሱ ተሸጠ። ብሩ ሲቆጠር ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ፤ ስለዚያ ማለዳ እኔን አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

እናቴን የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። ጦርነቱ ልጇን አጉድሎ መልሶላታል፤ የተረፈውን ለፈረስ ጀርባ ልትሰጥ አልወደደችም። ማን ይፈርድባታል? የምወቅሰው ልጓሙን የለቀቀውን እጅ ነው። የተጠየቅሁት ፈረስ እንድይዝ ብቻ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ መምህር ሆኜ በተመደብሁበት ከተማ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ኦሊምፒክ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ሯጮቻችን ምን እንደሚል ለማየት ገለጥሁት። ስለ ግሬቸን ፍሬዘር የተጻፈው እምብዛም አይረዝምም፤ የሆስፒታሉ ጉዳይም በአንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተጠቅሶ አልፏል። «ፈረስ ግልቢያ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት። እኛ ቤት በልመና እንኳ ያልተገኘው ነገር፣ በሌላ አገር፣ በሐኪም ፈቃድ ለቁስለኛ የሚሰጥ መድኃኒት ኖሯል። ስለዚህች ሴት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ቀን አንሥቶ ነው።

አንድ እግር ያለው ሰው በስኪ ላይ እንዴት ይቆማል ትሉ ይሆናል። በደኅናው እግሩ አንድ ሳንቃ ያስራል፤ በሁለት እጆቹ ደግሞ ጫፋቸው ላይ አጫጭር ሳንቃዎች የተገጠሙላቸውን ምርኩዞች ይይዛል። ኋላ በብዙ አገሮች የታወቀው ዘዴ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲወርድ በበረዶው ላይ ሁለት ሳይሆን ሦስት መስመር ጥሎ ያልፋል። በውኃ ውስጥ ደግሞ ገላ ክብደቱን ስለሚቀንስ እግር የጎደለው ሰው ከምድር ይልቅ በዋና ይቀለዋል። ፈረስም ለሰው አራት እግር ያበድራል። እነዚህ ሦስቱ ትምህርቶች የተመረጡት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ አሰብሁ፤ በሦስቱም ላይ ሰውየው የሚሸከሙት ሕመምተኛ መሆኑ ይቀርና የሚሄድ ሰው ይሆናል።

ከሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የስኪ ትምህርት የሚጀምረው ከመውደቅ ነው። ጀማሪ፣ እግሩ ሙሉ የሆነ ጀማሪ ሳይቀር፣ አስቀድሞ የሚማረው በጎኑ መውደቅንና ራሱን ችሎ መነሣትን ነው። መምህሩ አጠገብ ይቆማል እንጂ ዘሎ አያነሣም፤ ሁልጊዜ የሚያነሣው ከሆነ ተማሪው ከመምህሩ እጅ የራቀ ቁልቁለት ሊወርድ አይችልምና። ግሬቸን ዓመታት ስትሠራው የኖረችው ይህን ነበር፤ እግሩ የተቆረጠ ወጣት በፊቷ ሲወድቅ እያየች መቆም። የሚቀል ሥራ አይምሰላችሁ። እኔ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልቻልሁትም።

ጦርነቱ አበቃ። በ1948 የክረምቱ ኦሊምፒክ በስዊዘርላንድ፣ በሳንክት ሞሪትስ ከተማ ተደረገ። ግሬቸን 28 ዓመቷ ነበር፤ ለዚህ ስፖርት ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ያሸንፋሉ ተብለው ከሚጠበቁትም መካከል ስሟ አልነበረም። ከዚያ በፊት በዚህ ዓይነቱ የቁልቁለት ስኪ አንድም አሜሪካዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የኦሊምፒክ ሜዳልያ አላገኘም። በፌብሩዋሪ 4 ቀን ቁልቁለትና ስላሎም ተጣምረው በሚቆጠሩበት ውድድር ሁለተኛ ወጥታ የብር ሜዳልያ ወሰደች። በማግሥቱ የስላሎም ውድድር ነበረ። በመጀመሪያው ዙር ከሁሉ ቀድማ ወረደች፤ ሰዓቷ 59.7 ሴኮንድ ሆነ። ኦስትሪያዊቷ ኤሪካ ማሪንገር የቀረችው በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ብቻ ነው። ዐይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ የማይበቃ ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ።

ለሁለተኛው ዙርም መጀመሪያ የምትወርደው እርሷው ነበረች። ወደ መነሻው ወጣች፤ ዘንጎቿን በረዶው ላይ ተከለች፤ ለመወርወር ተዘጋጀች። በዚህ ጊዜ ከላይ ከመነሻው እስከ ታች እስከ መድረሻው የተዘረጋው፣ ሰዓት የሚያዝበት የስልክ መሥመር ተበላሸ። ጠብቂ አሏት። መሥመሩ እስኪጠገን ድረስ በተራራው ላይ 17 ደቂቃ ቆመች።

17 ደቂቃ ቡና አንድ ጊዜ አፍልቶ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም፤ ለእርሷ ግን ረጅም ነበር። በብርድ የቆመ ጅማት ይኮማተራል፣ ጉልበት ይደነዝዛል፤ ልብ ደግሞ ከጉልበት ይልቅ ፈጥኖ ይደክማል። ከበላይዋ የቆመ ረዳት የለም፤ ከበታቿ ያለው ሕዝብ ሁሉ የሚያየው ወደ እርሷ ነው። በልቧ ምን ታስብ እንደነበር ልናገርላት አልደፍርም። እኔ በበኩሌ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር፣ በሆስፒታሉ አጠገብ በበረዶ ላይ ወድቀው እርሷ ቆማ ስትጠብቃቸው ራሳቸውን ችለው ለመነሣት ይታገሉ የነበሩት ወጣቶች ትዝ ይሉኛል። ስንት ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር? ከ17 ያነሰ አይመስለኝም። አሁን ደግሞ ተራው የእርሷ ሆነ።

ሂጂ ሲሏት ሄደች። ሁለተኛውን ዙር በ57.5 ሴኮንድ፣ ከመጀመሪያው ፈጥና ጨረሰችው። ድምሩ 1 ደቂቃ ከ57.2 ሴኮንድ ሲሆን፣ ስዊዘርላንዳዊቷ አንቷኔት ሜየር በግማሽ ሴኮንድ ሁለተኛ፣ ማሪንገር ሦስተኛ ሆኑ። በስኪ ለአሜሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነበር። ስለ ሁለት ጉንጉን ጠጕሯ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሆስፒታሉ ግን እጅግ ጥቂት። ለጋዜጣ ጠጕር ከቁስል ይልቅ ይመቻል መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በኦሊምፒክ አልተወዳደረችም። በ1952 በኦስሎ የአሜሪካ ሴቶች ቡድን ኃላፊ ሆና ሄደች። በሰን ቫሊ ተቀምጣ አካለ ጎደሎ ለሆኑ ስኪተኞች መሥራቷን ቀጠለች፤ ለዚህ ሥራ እንደ ወርቁ ያለ ቀንና ሰዓት የለውም፤ አሥርተ ዓመታትን የወሰደ ነውና። በእርጅናዋም ዘመን የአካባቢዋን ልጅ ፒካቦ ስትሪትን ትመክርና ታበረታታ ነበር። በጃኑዋሪ 1994 ባሏ ዐረፈ፤ በፌብሩዋሪ እርሷ ተከተለችው። ፒካቦም በዚያው ወር በኖርዌይ በተደረገው ኦሊምፒክ በቁልቁለት ውድድር የብር ሜዳልያ አገኘች።

ወንድሜ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ከመደቡ የተነሣው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ ነበር፤ ልብስ ስፌት ተማረና፣ የሲንጀር መኪና በአንድ እግሩ እየረገጠ ልጆቹን አሳደገ። እናታችን እስክታርፍ ድረስ ደክሞህ ይሆናል እያለች መኪናውን ልታስዘጋው ትሞክር ነበር። ፈረስ ግን ዳግመኛ አልያዘም።

ባለፈው የገና በዓል ልጠይቀው ሄጄ ሳለ ይህን ታሪክ አነበብሁለት። ሳላስበው ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሱ ከመኪናው ቀና ሳይል ያዳምጣል፤ እግሩ ብቻ መርገጡን ተወ። ስለ ስልኩ መሥመር ሳነብለት አስቆመኝ።

«ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አልነካትም?» አለኝ።

«አንድም ሰው፣ ወንድም ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀጥዬ አነበብሁ፤ ጨርሼም ወረቀቱን አጠፍሁ። ስለዚያ ማለዳ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ቁስለኞቹን ፈረስም ታስጋልባቸው ነበር አልህ?»

«አዎን።»

ጥቂት አሰበ። በመስኮቱ በኩል ወደ ደጅ፣ ዛሬም ወዳለው ወደ ድንጋዩ ካብ አየ።

«እንግዲያማ ከካብ ላይ ይሆናላ የሚወጡት» አለና ጨርቁን ወደ መርፌው ገፋ።